የቀለጠ ብረት የት ድረስ ይሄዳል? ከደሴ ማቅለጫ ቤት እስከ ኒውክሌር ሪአክተር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች በአንድነት አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ አንደኛው አሉሚኒየም ያቀልጣሉ፣ ሁለተኛው መምህር ናቸው፣ ሦስተኛዋ ተማሪ ናት። የሦስቱም ጥያቄ ግን የቀለጠ ነገር ምን ያህል ርቀት እንደሚፈስ፣ ምን እንደሚያስቆመውና ከቆመ በኋላ ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚመለከት በመሆኑ አንዱ መልስ ለሌላው መንደርደሪያ ይሆናል ብለን አምነናል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ማቅለጫ ቤት ከውዳቂ አሉሚኒየም ድስትና ክዳን እንሠራለን። ክዳኑ ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ሳይሞላ ይቀራል፤ አንዳንዴም ከሁለት ወገን የመጣው ፍሰት የተገናኘበት ቦታ ስንጥቅ የመሰለ መስመር ይታይበታል። ያው አሉሚኒየም መሬት ላይ ሲፈስ ግን እንደ ውኃ ይሮጣል። ባልደረቦቼ ምክንያቱ የደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ብትወርድ አይገጥምህም ይሉኛል። እውነት ነው? እሳቱን ብንጨምርስ ይሻላል?» — ከደሴ

መልስ፦ በብርዱ እንጀምር። የደሴና የኮምቦልቻ የአየር ሙቀት ልዩነት አሥር ዲግሪ ቢደርስ እንኳ፣ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ለሚፈስ አሉሚኒየም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የብረቱን ሙቀት በብዛት የሚወስደው አየሩ ሳይሆን ብረቱ የሚነካው የሞልድ (ብረቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ግድግዳ ነው። የደሴ ክረምት ሊጎዳዎት የሚችለው በሌላ መንገድ ነው፤ የሞልዱ አሸዋ ከሚገባው በላይ እርጥበት ሲይዝ ውኃው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ከብረቱ ሙቀት ይቀማል፣ እንፋሎቱም መውጫ ካጣ የሚመጣውን ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ከመውረድ ይልቅ አሸዋውን ከዝናብ መጠበቅና ለሞልዱ በቂ የአየር መውጫ ቀዳዳ ማድረግ ይጠቅምዎታል።

መሬት ላይ የሚሮጠው ብረት በሞልድ ውስጥ ለምን እንደሚቆም ለመረዳት፣ የሚገፋውንና የሚይዘውን ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የሚገፋው የራሱ ክብደት ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም ዝልግልግነት ከውኃ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን ክብደቱ ግን ከውኃ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ቢሮጥ አያስደንቅም። የሚይዘው በመጀመሪያ ደረጃ የገጽ ውጥረት ነው፤ ይህም ፈሳሹ ራሱን ሰብስቦ እንዲይዝ የሚያደርገው ኃይል ሲሆን፣ በአሉሚኒየም ላይ ከውኃው አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከዚህ የተነሳ ጠፍጣፋ ወለል ላይ የፈሰሰ አሉሚኒየም ውፍረቱ ወደ አንድ ሴንቲሜትር ሲቃረብ፣ ገና ሳይረጋ እንኳ፣ ከዚያ በላይ ለመሳሳት ፈቃደኛ አይሆንም። እርስዎ የሚሠሩት ክዳን ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ ብረቱን ወደዚያ ጠባብ ክፍተት ለማስገባት ብቻ ከክፍተቱ በላይ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል የቆመ የብረት ከፍታ ያስፈልጋል። በላዩ ላይ አየር እንደነካው ወዲያው የሚፈጠረው የኦክሳይድ ቆዳ አለ፤ እሱም ሲጨመር የሚያስፈልገው ከፍታ ይበልጣል። የመሙያውን ጉሮሮ ጥቂት ጣት ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ እሳት ከመጨመር የተሻለ ውጤት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የሚይዘው መርጋቱ ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም የሚቀልጠውም የሚረጋውም 660 ዲግሪ ላይ ነው። ከ720 ወደ 660 ዲግሪ ሲወርድ ከአንድ ኪሎ የሚወጣው ሙቀት 70 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን፣ 660 ላይ ቆሞ ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ ግን ወደ 400 ኪሎጁል ይለቃል። እንግዲህ የብረቱ ዋና ስንቅ ያለው በዲግሪው ላይ ሳይሆን በመርጋቱ ውስጥ በተሰወረው ሙቀት ላይ ነው። እሳቱን ጨምረው 60 ዲግሪ ቢያክሉ የሚያገኙት ትርፍ ትንሽ ነው፤ በአንጻሩ ከመጠን በላይ የጋለ አሉሚኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን በብዛት ስለሚቀበል፣ ሲረጋ ጋዙ ወጥቶ ዕቃውን በጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ድስት ውኃ ሲያሳልፍ አይተው ይሆናል።

ስለዚህ ከእሳቱ ይልቅ የውዳቂውን ዓይነት ቢመርጡ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ንጹሕ አሉሚኒየም ለመሆን የተቃረበ ነው፤ የሞተር ፒስተንና ቴስታታ ግን ሲሊከን የተቀላቀለበት ነው። ሲሊከን 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ድብልቁ የሚረጋበት ሙቀት ወደ 577 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከዚያም በላይ ሲሊከን ራሱ ሲረጋ በኪሎ ከአሉሚኒየም ከአራት እጥፍ በላይ ሙቀት የሚለቅ በመሆኑ ድብልቁ በፈሳሽነት የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል። የፒስተን ውዳቂ ቀጭን ጠርዝን አሳምሮ የሚሞላው በዚህ ነው።

አንድ ነገር በዓይንዎ እንዲያዩ እንጋብዝዎታለን። ጠርዙ ሳይሞላ የቀረውን ክዳን ከመልሶ ማቅለጥዎ በፊት ይስበሩትና ስባሪውን በብርሃን ይመልከቱት። ንጹሕ ብረት የሚረጋው ከግድግዳው ወደ ውስጥ ነው፤ ፍሰቱ የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ ከጫፉ ሳይሆን ረጅም ጊዜ ብረት ካለፈበት ከመግቢያው አጠገብ ነው፣ ስለዚህ ግራና ቀኝ የበቀሉት ረጃጅም የብረት ቅንጣቶች መሐል ላይ ተገናኝተው ያገኟቸዋል። ብዙ ነገር የተቀላቀለበት ብረት ግን በአንድ ዲግሪ ላይ አይረጋም፤ በሁለት ሙቀቶች መካከል እንደ ገንፎ ሆኖ ይቆያል፣ የሚቆመውም ጫፉ ላይ ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣቶች ተጨናንቀው ፊቱን ሲዘጉት ነው። በዚያ ስባሪ ጫፉ ደቃቅና ወጥ ሆኖ ይታያል። የመጀመሪያው ከታየዎት መግቢያውን ያስፉ ወይም በሁለት ቦታ ይክፈቱ፤ ሁለተኛው ከታየዎት ውዳቂውን ይለዩ።

መስመሩን በተመለከተ፣ ሁለት ፍሰቶች ሲገናኙ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የኦክሳይድ ቆዳ ለብሰው ስለሚመጡ ቆዳና ቆዳ ይነካካል እንጂ ብረትና ብረት አይዋሐድም። ሳያቋርጡ በአንድ ትንፋሽ ይቅዱ። አቋርጦ የቀዳ ሰው በረጋው ላይ ሌላ ይደርባል እንጂ አንድ ዕቃ አይሠራም። ይህን ነጥብ በሚቀጥለው መልስ እንደገና እናገኘዋለን።

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. አገራችን ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ከፈረመች ወዲህ ተማሪዎቼ ጥያቄ አብዝተዋል። ሪአክተር ከቀለጠ ብረቱ መሬቱን ሰርስሮ እስከ ምድር ውስጥ ይወርዳል የሚባለው እውነት ነው? ካልሆነስ ምን ያስቆመዋል? እኛ ዜጎች ምን ብለን ብንጠይቅ ተገቢ ነው?» — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄው ከፍርሃት የመጣ ቢመስልም ትክክለኛ ነው፤ ተማሪዎችዎ መጠየቃቸው የሚያስደስት ነው። አጭሩ መልስ እስከ ምድር ውስጥ አይወርድም የሚል ነው። ረጅሙን መልስ ግን መስማት ይገባል፣ ምክንያቱም ደኅንነቱ የሚመጣው ከዕድል ሳይሆን የቀለጠውን ነገር ወርድና ውፍረት አስቀድሞ ከመወሰን ነው።

በመጀመሪያ ሪአክተር ከማቅለጫ ምድጃ በምን እንደሚለይ እንይ። ምድጃ እሳቱ ሲጠፋ ብረቱ ያለውን ሙቀት እየሰጠ ይረጋል፤ ጊዜ ወዳጁ ነው። ሪአክተር ግን መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ገብተው የአቶም መከፈሉ ከቆመ በኋላም፣ ቀደም ሲል የተከፈሉት አቶሞች ስብርባሪ ጨረር እየለቀቀ መሞቁን ይቀጥላል። ሪአክተሩ በተዘጋባት ቅጽበት ይህ ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ 6 እና 7 በመቶ መካከል ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ አንድ ተኩል በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። መቶኛው ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ 1,200 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሪአክተር የሚያመነጨው ሙቀት 3,200 ሜጋዋት ገደማ በመሆኑ፣ «ጠፋ» በተባለበት ደቂቃ የሚቀረው ሙቀት 200 ሜጋዋት ያህል ነው፤ ይህም የተከዜ ግድብ በሙሉ አቅሙ ከሚሰጠው 300 ሜጋዋት ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ይህን ሙቀት የሚወስድ ውኃ ከጠፋ፣ ነዳጁን የሸፈነው የዚርኮኒየም ቱቦ በመጀመሪያ ይበላሻል፣ እሱም 1,855 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በመጨረሻም ዩራኒየም ኦክሳይዱ ራሱ 2,800 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ዚርኮኒየም፣ ብረትና ዩራኒየም ኦክሳይድ አብረው የቀለጡበትን ድብልቅ ባለሙያዎች ኮሪየም ይሉታል።

ኮሪየም ሦስት ጊዜ በትላልቅ ማመንጫዎች ታይቷል፤ ሦስቱም ጊዜ የቆመበት ቦታ የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ ላይ፣ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ በመቅረቱና ሠራተኞቹም የሆነውን ባለመረዳት የማቀዝቀዣ ውኃውን በመቀነሳቸው የእምብርቱ (ነዳጁ ያለበት የሪአክተሩ ክፍል) ግማሽ ያህል ቀለጠ፤ ከዚያም 20 ቶን ገደማ ወደ ሪአክተሩ የብረት ጋን ወለል ወረደ። ጋኑ ግን አልተበሳም፣ ምክንያቱም ውስጡ ውኃ ነበረ፤ ኮሪየሙም ብረቱን ሲነካ ቅርፊት ሠርቶ ራሱን ከብረቱ ለየ። በእርስዎ ቋንቋ፣ መምህር፣ ጋኑን ያዳነው የሙቀት አስተላላፊነቱ ደካማ የሆነ የኦክሳይድ ቅርፊት ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 በቼርኖቤል የሆነው ከዚህ ይለያል። ሪአክተሩ ፈንድቶ ስለነበር የቀለጠው ነገር አሸዋና ኮንክሪት እየቀለጠ እየተቀላቀለበት ወደ ታችኛው ፎቅ ክፍሎችና የእንፋሎት መተላለፊያዎች ፈሰሰ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኮንክሪቱን የበላው ኮሪየም በበላው ልክ መጠኑ ስለሚጨምርና ሙቀቱ በብዙ ቁስ ስለሚከፋፈል፣ በየክፍሉም ስለተበተነ፣ በመጨረሻ ብርጭቆ መሰል ድንጋይ ሆኖ መርጋቱ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የተገኘውና «የዝሆን እግር» የተባለው ክምር የዚህ ፍሰት አንዱ ጫፍ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎች ከሕንፃው ሥር ዋሻ ቆፍረው ማቀዝቀዣ ያለው የኮንክሪት ንጣፍ አዘጋጅተው ነበር፤ ኮሪየሙ እስከዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ምድርን ሰርስሮ መውረድ የሚለው ሥጋት በከፋው አደጋ እንኳ አልተፈጸመም። በቼርኖቤል ሰውን የጎዳው ወደ ላይ የወጣው ነው።

በፉኩሺማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 የመጣው ሱናሚ የድንገተኛ ጀነሬተሮቹን አጥለቅልቆ ውኃ የሚገፉትን ፓምፖች ካቆመ በኋላ የሦስት ሪአክተሮች እምብርት ቀለጠ። በቁጥር አንድ ሪአክተር ኮሪየሙ ጋኑን በስቶ የታችኛው ወለል ላይ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በውኃ ውስጥ የተላከ ሮቦት ያነሣው ምስል ጋኑን የተሸከመው ክብ የኮንክሪት ግድግዳ ከሥሩ ተበልቶ፣ አርማታውን የያዘው ፌሮ ግን እንደቆመ ያሳያል። እኔ ከዚህ ምስል የበለጠ ለሕንፃ መሐንዲስ የሚያስተምር አላውቅም።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። ተራ ብረት የሚረጋበት ጊዜ ከውፍረቱ እጥፍ ጋር ሳይሆን ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይሄዳል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ቢያድግ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ኮሪየም ግን ከውስጡ ሙቀት ስለሚወልድ መጠበቅ ብቻ አያረጋውም። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ገጹ መውጣት ያለበት ሙቀት ከውፍረቱ ጋር ስለሚያድግ፣ 50 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን ወደ 25 ሴንቲሜትር ማሳሳት ማለት በላዩ ያለው ውኃ በየካሬ ሜትሩ ሊወስደው የሚገባውን ሙቀት በግማሽ መቀነስ ማለት ነው። ስለዚህ የአንዳንድ አዳዲስ ሪአክተሮች ንድፍ አውጪዎች የቀለጠውን ነገር ከመግታት ይልቅ እንዲዘረጋ ይፈልጋሉ። ፊንላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 መደበኛ ሥራ የጀመረው ኦልኪሉኦቶ 3 ከጋኑ ጎን 170 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ባዶ አዳራሽ አለው፤ የአዳራሹ ብቸኛ ሥራ ያን ቀን መጠበቅ ነው።

አንባቢ፣ እዚህ ላይ ለደሴው ወንድማችን የሰጠነውን፣ ሳያቋርጡ የመቅዳት ምክር ያስታውሱ። ኮሪየሙ ጥቂት በጥቂት ወደ አዳራሹ ቢንጠባጠብ፣ የመጀመሪያው ከመግቢያው አጠገብ ይረጋል፣ የሚቀጥለው በላዩ ይከመራል፣ ወለሉም ሳይሸፈን ወፍራም ክምር ይፈጠራል። ይህ እንዳይሆን፣ ከጋኑ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሆን ተብሎ እንዲበላ የተዘጋጀ ኮንክሪት ተደርጓል፤ ኮሪየሙ እሱን እየበላ ሁሉም እስኪሰበሰብ ይቆያል፣ ኮንክሪቱም ተቀላቅሎበት የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ ያደርግለታል፤ ከዚያ በኋላ ነው መውጫው ቀልጦ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው። ሲዘረጋ ውኃው ያለ ፓምፕ፣ በክብደቱ ብቻ፣ በመጀመሪያ ከወለሉ ሥር፣ ቀጥሎ ከላይ ይመጣል።

ሩሲያ የምትሠራቸው ቪቪኢአር-1200 የተባሉት ሪአክተሮች ሌላ መንገድ መርጠዋል፤ ከጋኑ ሥር ሌላ ትልቅ የብረት መያዣ ተቀምጦ በብረት ኦክሳይድና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ተሞልቷል፣ ከውጭም በውኃ ይከበባል። በቱርክ አኩዩ እና በግብፅ ኤል ዳባ በሚገነቡት ማመንጫዎች ይህ መያዣ አለ። የተሞላው ኦክሳይድ አንድ ረቂቅ አደጋን ለመከላከል ታስቦ ነው። የቀለጠ ብረት ከቀለጠው የዩራኒየም ኦክሳይድ ስለሚቀል በላዩ ይንሳፈፋል፤ ሙቀትን አሳምሮ ስለሚያስተላልፍም ከሥሩ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ጎን፣ ወደ መያዣው ግድግዳ፣ በአንድ ቀጭን ቀለበት ላይ ያተኩረዋል። እዚህ ቦታ መሳሳት ጠላት ነው፤ የብረቱ ሽፋን በሳሳ ቁጥር ግድግዳው በዚያ ቀለበት ላይ የመበሳት ዕድሉ ይጨምራል። በመያዣው የተሞላው ቀላል ኦክሳይድ ከዩራኒየም ኦክሳይዱ ጋር ሲቀላቀል ድብልቁን ከብረቱ ይልቅ ቀላል ስለሚያደርገው ብረቱ ወደ ታች፣ ኦክሳይዱ ወደ ላይ ይገለበጣሉ።

ዜጎች ምን ይጠይቁ ለሚለው፣ በእኔ ግምት ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ኤሌክትሪክ ፈጽሞ ቢጠፋ ውኃው ያለ ሰው እጅ ለስንት ሰዓት ይመጣል? እምብርቱ ቢቀልጥ የሚያርፍበት ወለል ስፋቱ ስንት ነው፣ በሙከራስ ተረጋግጧል? የጋለ ዚርኮኒየም ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ጥያቄዎች መጠየቅ ያለባቸው ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ነው፤ ወለሉ ከተሠራ በኋላ ቅርጹን መለወጥ የማይቻል ያህል ከባድ ነውና። የቦታ ምርጫው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈራረሳት የእናንተ አካባቢ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ «ወልድያ በቴክኒክና ሙያ ተቋም ተማሪ ነኝ። አሠልጣኛችን የቀለጠ ብረት ባለበት ውኃ እንዳይቀርብ አጥብቆ ይከለክለናል። ሪአክተር ሲቀልጥ ግን ውኃ ይጨመርበታል ይባላል። እንዴት ይታረቃል?» — ከወልድያ

መልስ፦ እኅታችን፣ አሠልጣኝሽ ትክክል ነው። አንድ ሊትር ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ውኃው ከብረቱ በላይ ከሆነ እንፋሎቱ ወደ ሰማይ መውጫ አለው፤ ከብረቱ ሥር ታፍኖ ከተያዘ ግን ብረቱን ይዞ ይወጣል። ደረቅ የሚመስል የኮንክሪት ወለል እንኳ በውስጡ ውኃ ስላለው፣ የቀለጠ ብረት ሲፈስበት እየተፈነጠረ ይሰነጠቃል። ማቅለጫ ቤት ውስጥ ወለሉ በደረቅ አሸዋ የሚሸፈነው ለዚህ ነው።

ሪአክተር ላይ ውኃ የማይቀርበት ምክንያት ከላይ እንዳየነው ሙቀቱ በራሱ የማያልቅ መሆኑ ነው። ኮሪየም ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም የሚለው ለዓመታት ተጠንቷል፤ በኢጣልያ ኢስፕራ ከተማ በተደረጉ ሙከራዎች ከአንድ ኩንታል በላይ የቀለጠ የዩራኒየምና የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ውኃ ውስጥ ሲፈስ በራሱ ጊዜ የእንፋሎት ፍንዳታ አላስነሣም፣ የቀለጠ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ግን በቀላሉ የሚፈነዳ ሆኖ ተገኝቷል። ያም ሆኖ ንድፍ አውጪዎች ኮሪየሙ በደረቅ ወለል ላይ እንዲዘረጋና ውኃው ቆይቶ እንዲመጣ ማድረግን የሚመርጡበት ጊዜ አለ።

ሌላው የውኃ አደጋ ሃይድሮጅን ነው። የጋለ ዚርኮኒየም፣ በተለይ ከ1,200 ዲግሪ በላይ፣ ከእንፋሎት ኦክሲጅኑን ነጥቆ ሃይድሮጅኑን ይለቃል፣ በሂደቱም ተጨማሪ ሙቀት ይወጣል። በፉኩሺማ የሕንፃዎቹን ጣሪያ ያነሣው ይህ ጋዝ ነው። በአዳዲስ ማመንጫዎች ውስጥ በየግድግዳው የተሰቀሉ፣ ፕላቲነም ወይም ፓላዲየም የተቀባባቸው ሣጥኖች ሃይድሮጅኑን ያለ እሳትና ያለ ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ከኦክሲጅን ጋር አዋሕደው መልሰው ውኃ ያደርጉታል።

በዎርክሾፓችሁ አሉሚኒየም ቢፈስ ግን ሥራሽ አጭር ነው፤ አካባቢውን ልቀቂ፣ ሌላውን አስጠንቅቂ፣ ተጠግቶ መድረስ የሚቻል ከሆነ በደረቅ አሸዋ ዙሪያውን አጥሪ፣ እስኪረጋም ማንም እንዳይረግጠው ጠብቂ። ገጹ ብርማና ጠጣር መስሎ ከታየሽም አትመኚው፤ ውስጡ ገና ፈሳሽ ሊሆን ይችላል።